ጀርባዬን ለጄቶቹ ሰጥቼ፦ የቺካጎ የአየር ትርዒት ማስታወሻ

ሐሙስ፣ ነሐሴ 11 ቀን 2015 ዓ.ም. - ከሚኒያፖሊስ ወደ ቺካጎ

«የአየር ትርዒት ፎቶ ላነሳ ቺካጎ ልሄድ ነው» ስል የሰማኝ ሁሉ የሚጠይቀኝ ስለ ሌንስ ነው። ያንን እንደ መድፍ የረዘመውን ገዛህ ወይ? አልገዛሁም። የምገዛበትም ምክንያት የለኝም። የአሜሪካ ጦር የራሱ ፎቶ አንሺዎች አሉት፤ ከጄቱ ጎን እየበረሩ ያነሱታል። እኔ ከአሸዋ ላይ ቆሜ ከነሱ ጋር ምን አወዳደረኝ? እኔን የሚያስቀኝ ከጄቱ በታች ያለው ነው። ስድስት ተዋጊ ጄት አናቱ ላይ እያገሳ አፉን ከፍቶ የሚያንቀላፋ ሰው። ሁለት ጆሮዋን ልትይዝ ስትል አይስክሬሟ ጭኗ ላይ የወደቀባት ልጅ። የሄድኩት እሱን ፍለጋ ነው።

ከሚኒያፖሊስ ቺካጎ 650 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የአውቶቡስ ትኬት 45 ዶላር። መንገዱ ዊስኮንሲንን አቋርጦ ይወርዳል፤ በቆሎ፣ ላም፣ ደግሞ በቆሎ፣ ደግሞ ላም። ጎማ ባይፈነዳብን ኖሮ ስለ መንገዱ አንድ መስመር አልጽፍም ነበር።

የፈነዳው ዊስኮንሲን ዴልስ አካባቢ፣ ለዕረፍት ከአውራ ጎዳናው ልንወጣ ስንል ነው። ዴልስ በውሃ መዝናኛዎቿ የታወቀች ከተማ ናት። መንገድ ዳር ያለው ማስታወቂያ ሁሉ በውሃ ቱቦ እየተንሸራተተ የሚጮህ ቤተሰብ ነው። እኛ ደግሞ ከማስታወቂያው ሥር በቀትር ፀሐይ ላብ በላብ ሆነን በካርቶን እናራግባለን። የጉዞው የመጀመሪያ ፎቶ ይኼው ሆነ።

ጎማ ቀያሪው እስኪመጣ ወደ ሁለት ሰዓት ፈጀ። አጠገባችን ነዳጅ ማደያ ነበር፤ ገባሁ። ዊስኮንሲን የአይብ አገር ናት። መደርደሪያው አይብ፣ ፍሪጁ አይብ፣ መታሰቢያ ተብሎ የሚሸጠው ኮፍያ እንኳ የአይብ ቅርጽ ነው። ፍልሰታ መሆኑን ማን ይንገርላቸው። ኦቾሎኒና ሙዝ ገዛሁ፣ 4 ዶላር።

ቺካጎ የደረስነው ከመሸ ነው። ጋሼ መኪናቸውን አስነስተው ይጠብቁኝ ነበር። ጋሼ የአክስቴ ልጅ የእታለም ባለቤት ናቸው፤ ታክሲ ይነዱ ነበር፣ አሁን ጡረታ ላይ ናቸው። ቤታቸው በሰሜን በኩል ኤጅዋተር የሚባለው ሰፈር ነው። ሐበሻ ምግብ ቤቶች ያሉበት የብሮድዌይ መንገድ በእግር ይደረሳል። እታለም የሱፍ ፍትፍትና ሽሮ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። እማማ፣ ማለትም አክስቴ፣ አልተኙም። «ከስተሃል» አሉኝ። እንደሱ ሳይሉኝ የቀሩበት ጊዜ የለም።

ዓርብ፣ ነሐሴ 12 - ልምምድ፣ ዳማ ያልሆነው ቼዝ፣ የእማማ መስኮት

ትርዒቱ ቅዳሜና እሑድ ነው። ዓርብ ልምምድ ይደረጋል፤ ነገሩ ያው ነው፣ ሕዝቡ ግን ትንሽ ነው። ፎቶ የሚያነሳ ሰው ዓርብን አይዝለል።

ከግራንቪል ጣቢያ ቀዩን መስመር የሚሉትን ባቡር ተሳፈርኩ። አንድ ጉዞ 2 ዶላር ከ50፣ የቀን ትኬቱ 5 ዶላር ነበር። ክላርክና ዲቪዥን ላይ ወርጄ በእግር ወደ ሐይቁ ሄድኩ። ሌክ ሾር ድራይቭን በእግረኛ ድልድይ ተሻግሮ ኖርዝ አቬኑ ቢች ይደረሳል። ሜዳው፣ አሸዋው፣ ሐይቁ፣ ሁሉም ነፃ ነው። መግቢያ የሚባል ክፍያ የለም።

መጀመሪያ ያየሁት መርከብ ነው። ጭስ ማውጫ አለው፣ ክብ መስኮት አለው፣ ሰማያዊና ነጭ ተቀብቷል፤ አሸዋው ላይ ተተክሏል። የመዋኛ ዳርቻው የአገልግሎት ቤት ነው። ውስጡ ሽንት ቤት፣ ላዩ ላይ ምግብ ቤት። ሐይቁ ላይ እውነተኞቹ ጀልባዎች ይወዛወዛሉ፣ ይኼ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ጢስ ሊያወጣ የደረሰ ይመስላል። ከበላዩ ጄት እስኪያልፍ ጠበቅኩ። አለፈ። አሁን ፎቶው ላይ የሚበር አለ፣ የሚንሳፈፍ አለ፣ የሚያስመስልም አለ።

ስለ ድምፁ አንድ ነገር ልበል። የቢሾፍቱ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ላይ የሚያልፍ የጦር አውሮፕላን ስሰማ ነው ያደግኩት፤ ሆራ ዳር ቆመን ድምፁ ወደመጣበት ካየህ አውሮፕላኑን አታገኘውም። ድምፅ በሰከንድ 340 ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው፣ ጄቱ ሊቀድመው ምንም አይቀረው። ስለዚህ ድምፁ ካለበት ፊት ፊቱን ነው የሚፈለገው። ቺካጎ ላይ ሺህ ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ተሳሳተ አቅጣጫ ሲያንጋጥጥ ታያላችሁ፤ ጄቱ ከጀርባቸው በሌላ በኩል ሄዷል። ይህችን ደጋግሜ አንስቻታለሁ። አትሰለችም።

ከዳርቻው ትንሽ ወደ ደቡብ የቼዝ ድንኳን የሚሉት አለ። ድንኳን ይሉታል እንጂ ኮንክሪት ነው። በ1957 እ.ኤ.አ. የተሠራ ሰፊ ጣሪያ፣ ከሥሩ የቼዝ ገበታ የተቀረጸባቸው ጠረጴዛዎች፣ በግራና ቀኝ ከድንጋይ የተቀረጹ ንጉሥና ንግሥት። ሁለት ሽማግሌዎች ሰዓት አስቀምጠው ይጫወታሉ። አንዱ ባርኔጣ አድርገዋል፣ ሌላው የውሃ ጠርሙሳቸውን በጉልበታቸው ይዘዋል።

ያን ሰዓት የብሉ ኤንጅልስ ቡድን ልምምድ ጀመረ። ብሉ ኤንጅልስ የአሜሪካ ባሕር ኃይል ትርዒት ቡድን ነው፤ ሰማያዊና ቢጫ የተቀቡ ሱፐር ሆርኔት ጄቶች። መጀመሪያ «ፋት አልበርት» ብለው የሰየሙት ሲ-130 ዕቃ ጫኝ አውሮፕላናቸው ዝቅ ብሎ አለፈ። ድንጋዩ ንጉሥ የተንቀጠቀጠ መሰለኝ። ቀጥሎ ጄቶቹ መጡ። መንገደኛው ሁሉ ቆመ፣ ብስክሌተኛው ወረደ፣ ውሻው ጠረጴዛ ሥር ገባ። ሽማግሌዎቹ አንገታቸውን አላቀኑም። ባለ ባርኔጣው በአንድ እጃቸው ባርኔጣቸውን ያዙ፣ በሌላው ሰዓቱን ተጫኑ። አነሳኋቸው።

ጨዋታው ሲያልቅ አሳየኋቸው። የተሸነፉት ባለ ባርኔጣው ናቸው። ፎቶውን ትኩር ብለው አይተው «ላክልኝ» ብለው ስልካቸውን ሰጡኝ። ስለ አውሮፕላኑ ምንም አላሉም።

አንድ ሰው ደግሞ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ፣ አሸዋው ላይ ስብሰባ ይሰበሰባል። በስልክ ማለቴ ነው። ጄት ባለፈ ቁጥር «ይቅርታ፣ መስመሩ ነው» እያለ ይዋሻል። ሩቅ ሳይሄድ የፓሌታ ጋሪ የሚገፉ አባት ደወላቸውን ያንቃጭላሉ። ፓሌታ የሜክሲኮዎች በእንጨት ላይ የሚረጋ በረዶ ነው። ጄቶቹ ሲመጡ ደወሉን አላቆሙም፤ እንዲያውም ጠንከር አድርገው መቱት። ወተት የሌለበትን ጠየቅኳቸው፣ ማንጎ ሰጡኝ፤ 3 ዶላር። የቀኑ ምርጥ ወጪ።

ማታ ቤት ስገባ የሁሉም ክፍል መስኮት ተዘግቷል። ሙቀት ነው። እማማ ሶፋው ላይ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ጄቶቹ ለመዞር ወደ ሰሜን ሲወጡ ድምፃቸው እዚህ ድረስ ይሰማል። እማማ በ1969 ዓ.ም. ክረምት ድሬዳዋ ነበሩ፤ የሶማሊያ ጦር ከተማው ደጃፍ በደረሰበት ጊዜ። «አንተ ፎቶህን አንሳ፣ ልጄ» አሉኝ። «እኔ ግን በዚህ ድምፅ የሚያጨበጭብ ሰው አይገባኝም።» መልስ አልነበረኝም። እታለም በየዓመቱ ይህ ሳምንት ሲደርስ ማራገቢያ ገዝታ እንደምትጠብቅ ነገረችኝ። ያን ማታ ካሜራዬን ከቦርሳው አላወጣሁም።

ትንሽ ቆይቶ ግን ቤቱ ተለወጠ። የቡሄ ዋዜማ ነው። የእታለም ልጅና ሁለት የጎረቤት ልጆች ዱላ ይዘው መጡ። ዱላው የመጥረጊያ እጀታ ነው። የአፓርታማውን ኮሪደር በሆያ ሆዬ አናወጡት። ከፊት ለፊት ያሉት ቬትናማዊት አሮጊት በር ከፍተው ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ዶላር ሰጡ። መርቋቸው ሲባሉ ልጆቹ ግጥሙ ጠፋቸው። እማማ ከሶፋው ላይ ሆነው ጨረሱላቸው።

ቅዳሜ፣ ነሐሴ 13 - ቡሄ

ሕዝብ ማለት ዛሬ ነው። ባቡሩ ውስጥ መታጠፊያ ወንበር፣ ጃንጥላ፣ የበረዶ ሳጥን፣ ጋሪ ላይ ያለ ሕፃን፣ አንድ ላይ ታጭቋል። መግቢያው ላይ ቦርሳ ይፈተሻል። ሰልፉ ረጅም ነበር፣ ግን ይሄዳል።

ከእታለምና ከልጁ ጋር ነው የሄድኩት። አንድ ሰዓት እንኳ ሳንቆይ ተጠፋፋን። ስልክ አይሠራም፤ ሰው በዛና መስመሩ ታነቀ። የላክሁት መልእክት የደረሳት ማታ እራት ላይ ነው። ደግነቱ ያ የአሸዋው መርከብ አለ፤ ቺካጎ ላይ «መርከቡ ጋ» ካላችሁ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለታችንም እዚያው ተገናኘን። እታለም ሎሚናት ገዝታ ትጠብቀኝ ነበር፣ አንዱ 8 ዶላር። ተጣላችኝ። ስለ መጥፋቴ አይደለም፣ ስለ ዋጋው።

ይህ ትርዒት የጀመረው በ1959 እ.ኤ.አ. ለከተማው የልጆች የበጋ ካምፕ ማጠቃለያ ተብሎ ነው። የመጀመሪያው ዓመት በጀት 88 ዶላር ነበር ይባላል። በእታለም ሒሳብ አሥራ አንድ ሎሚናት።

የሠራዊቱ የፓራሹት ቡድን፣ «ጎልደን ናይትስ» የሚሉት፣ እሱም የተመሠረተው በዚያው በ1959 ነው። ጥቁርና ወርቃማ ፓራሹታቸው በጣም ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከጄቱ ይልቅ ይኼ ይሻለኛል፤ ሰው ፊቱን ለማሳየት ጊዜ ያገኛል። አንዱ ወታደር ጢስ እያግተለተለ ወደ አሸዋው ሲወርድ ከፊቱ አንዲት እናት የልጇን ዳይፐር ትቀይራለች። ቀና አላለችም። ሥራ ላይ ናታ።

ሙሽሮችም መጡ። ቅዳሜ ስለሆነ፣ ሐይቁም ስለሚያምር፣ የሠርግ ፎቶ ሊነሱ። የነሱ ፎቶ አንሺ በጄቱ ተናዷል። ሙሽራዋ ቬሏን ስትይዝ ሙሽራው ጆሮውን ይዟል፣ ሚዜዎቹ ሁሉ አንጋጠው አንዱም ካሜራውን አያይም። የሱ ፎቶ ተበላሸ፤ የኔ ግን አማረ።

ለማንሳት ለምትፈልጉ ትንሽ የሙያ ነገር። ሰውየውም ጄቱም አንድ ፎቶ ውስጥ እንዲገቡ ሰፊ ሌንስ ይዛችሁ ከተጠጋችሁ ጄቱ ዝንብ ያክላል። ይልቅ ከሰውየው ራቅ በሉና መካከለኛ ሌንስ ተጠቀሙ፤ እኔ ከ70 እስከ 105 ሚሊሜትር ባለው ነበር ያነሳሁት። ያኔ የራቀው የቀረበ ይመስላል። የውሃ ወፎቹ የተጠበሰ ድንች ሊሰርቁ ዝቅ ሲሉ ወፏና ሆርኔቱ እኩል ሆነው የወጡልኝ በዚህ ዘዴ ነው። የሹተር ፍጥነት ለጄት አንድ ሺህኛ ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ። ባለ ውልብልቢት አውሮፕላን ሲመጣ ግን ወደ ሁለት መቶኛ ዝቅ አድርጉት። ካልሆነ ውልብልቢቱ ቀጥ ብሎ ይቆምና አውሮፕላኑ ሞተሩ ጠፍቶበት ሊወድቅ ያለ ይመስላል። ጠዋት ፀሐይ ከሐይቁ በኩል ስለምትወጣ ፊታችሁን ትመታለች፣ ሰውም ጥላ ብቻ ይሆናል። ከቀትር በኋላ ይሻላል። ብሉ ኤንጅልስም መጨረሻ ላይ ነው የሚመጡት።

አራቱ ተጠጋግተው ሲበሩ በአንዱ ክንፍና በሌላው መካከል ያለው ርቀት እስከ 45 ሴንቲ ሜትር ይወርዳል። አሸዋው ላይ በአንድ ቤተሰብ ጃንጥላና በሌላው መካከል ከዚያ የሰፋ ቦታ አልነበረም። ግን እዚህ ታች ይጣሉ ነበር። «ጃንጥላህ ጋርዶናል፣ አውርደው!» ሁለቱ አባቶች ተፋጠው ሲጨቃጨቁ ስድስቱም አለፉ። ሁለቱም አላዩም። ይኼኛውን ፎቶ ለማንም ሳሳይ ማብራራት አያስፈልገኝም።

ማታ እታለም ሙልሙል ጋግራ ነበር። ጋሼ ሻይ ይዘው ስለ ጆን ሮቢንሰን አነሱ። ስሙን ከልጅነቴ አውቀዋለሁ፣ የቺካጎ ሰው መሆኑን ግን አላሰብኩትም ነበር። ጥቁር ስለሆነ የአቪዬሽን ትምህርት ቤቱ አልቀበልህ ሲለው እዚያው ትምህርት ቤት በጽዳት ሠራተኛነት ተቀጥሮ፣ እየጠረገ ትምህርቱን ሰማ። በኋላ ተቀበሉት። በ1935 እ.ኤ.አ. አገራችን መጣና ጣሊያን ሲወር የንጉሠ ነገሥቱን ጥቂት አውሮፕላኖች በኮሎኔልነት መራ። ከጦርነቱ በኋላም ተመልሶ አብራሪዎች አሠልጥኗል። በ1954 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ውስጥ በአውሮፕላን አደጋ ሞተ፣ አዲስ አበባ ተቀበረ። ጋሼ ታክሲ ሲነዱ የሚሳፈረውን ሰው ሁሉ ስለሱ ይጠይቁ ነበር። «የሚያውቀው ሰው አልገጠመኝም» አሉ። «ቺካጎ ላይ እሱን የሚያውቅ ሐበሻ ባለ ታክሲ ብቻ ነው!»

እሑድ፣ ነሐሴ 14 - ጅራፍ

ዛሬ ጋሼም መጡ፣ ጅራፍ ይዘው። ለልጁ የገመዱት እሳቸው ናቸው፤ ዋናው ከሕንጻ መሣሪያ መደብር የተገዛ ናይለን፣ ጫፉ ከአገር ቤት የመጣ ቃጫ። ወደ አሸዋው አላስገቡትም፣ ፍተሻ አለ። ከአውራ ጎዳናው ወዲህ ያለው የሊንከን ፓርክ ሣር ላይ ሰው ሳሳ ያለበት ቦታ መረጡ። ልጁ አዙሮ አዙሮ ሲያጮኸው እርግቦች ተነሡ። ሣሩ ላይ የተኛ ጎረምሳ ብድግ አለ። ያ ጎረምሳ ጠዋቱን ሙሉ ጄት አልቀሰቀሰውም ነበር።

ጅራፍ የሚጮኸው ጫፉ ከድምፅ ፍጥነት ስለሚያልፍ ነው። ብሉ ኤንጅልስ ደግሞ በጣም ፈጣን በሆነው በረራቸው እንኳ ከድምፅ ፍጥነት ትንሽ ዝቅ ብለው ነው የሚያልፉት፤ በሰዓት ወደ 1,100 ኪሎ ሜትር። ከድምፅ ቢያልፉ የከተማውን መስኮት ያረግፉታል። ስለዚህ የዘጠኝ ዓመቱ ልጅ ጅራፍ ከሆርኔቱ ይፈጥናል። ይህን ስነግረው ለሁለት ቀን ሲያደንቃቸው የነበሩትን አውሮፕላኖች በንቀት አያቸው። «ቀርፋፋ» አላቸው፣ በእንግሊዝኛ። ከዚያ ወዲያ እጁ እስኪዝል አላቆመም።

የፈለግኩት ፎቶ ይኼ ነበር፤ ጅራፉ በአየር ላይ ተጠቅልሎ፣ ከበላዩ ጄቶቹ። ሁለቱ ግን አይገጣጠሙም። ጄቱ ሲመጣ ልጁ ደክሟል፣ ልጁ ሲነሳ ጄቱ ሚቺጋን ሐይቅ መሃል ነው። ጋሼ በስታዲየም አሠልጣኝ ድምፅ «አሁን! አሁን!» ይላሉ። ብዙ ቆየን። በመጨረሻ ሲገጥም ጅራፉ ከፎቶው ጠርዝ ወጥቶ ተቆረጠ። የቀረው ልጁ አፉን ከፍቶ፣ ጋሼ ሁለት እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ አራት ጄት ደግሞ ከጣታቸው የወጣ ይመስል። ከጠበቅኩት ይሻላል፤ ጋሼ አውሮፕላን የሚለቁ ቄስ መስለዋል።

በ2015 ዓ.ም. በብሉ ኤንጅልስ ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ሴት የጄት ትርዒት አብራሪ ነበረች፣ አማንዳ ሊ፤ ሦስተኛዋን ጄት ታበር ነበር። ሦስተኛዋ ስታልፍ እንዲያሳያት አንዲት ትንሽ ልጅ አባቷን ትጎተጉታለች። አባትየው ለይቶ አያውቃትም፣ ባለፉ ቁጥር «ያቻት» ይላል። ልጅቷ ለስድስቱም እጇን አውለበለበች።

ማታ ፎቶዎቹን ቴሌቪዥኑ ላይ አሳየኋቸው። እማማም አብረውን ተቀመጡ፤ ድምፅ ስለሌለው ይሁን ስለ ልጁ አላውቅም። ጋሼ «ቄሱን» ሲያዩ ተቃወሙ፣ እታለም ደግሞ አሳጥቤ እንድሰጣት ጠየቀች። እማማን ያሳቃቸው የጃንጥላዎቹ ጠብ ነው። «ሰው ቦታ ሲጠበው እንዲህ ነው» አሉና መልሰህ አሳየኝ አሉኝ። ሁለት ጊዜ መለስኩላቸው።

ሰኞ፣ ነሐሴ 15 - መመለሻ

እታለም ዳቦ ቆሎና የቀረውን ሙልሙል ጠቅልላ ሰጠችኝ። አውቶቡሱ በሰዓቱ ወጣ፤ ሌላ የሚወራ የለውም።

ማዲሰንን ስናልፍ ስልኬ ጮኸ። የቼዙን ፎቶ ጠዋት ልኬላቸው ነበር፣ ለባለ ባርኔጣው። መልስ ልከዋል። ፎቶውን አጉልተው፣ ጄቶቹን ከላይ ቆርጠው፣ ገበታው ላይ ቀይ ክብ አድርገውበታል። ሥሩ እንዲህ ይላል፦ «አመሰግናለሁ። አሁን አየሁት። እዚህ ጋ ፈረሱን ማንቀሳቀስ ነበረብኝ።»